የሥራነሽ የጾም ባልዲ

ሥራነሽን ያወቅኋት በደብረ ማርቆስ ከተማ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ወጥ ቤት ውስጥ አብረን ስንሠራ ነው። እኔ ሳህን አጣቢ ነበርሁ። እሷ ሽንኩርት ከመላጥ ጀምሮ ምግቡን ደርድሮ እስከማቅረብ ያለውን ሁሉ የምትሠራ ረዳት ነበረች። አጠር ያለች፣ ጠይም፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ የምታስር ሴት ናት። ስትሠራ አትናገርም፤ ስትናገርም ድምጿ ከእሳቱ ድምፅ አይበልጥም። ድንች ስትልጥ ልጣጩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበጠስ ይወርዳል፤ እንዲያም ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነው። «ለምን እንዲህ ትጨነቂያለሽ? የመንግሥት ድንች አይደል?» ስንላት፣ «ድንቹ የማን እንደሆነ መች ያውቃል» ትለናለች።

ተወልዳ ያደገችው አምበር አጠገብ ነው። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ በወባ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። የባሏ ወንድሞች ከመሬቱ ሲያስወጧት አልተሟገተችም፤ የቀረቻትን አንዲት በግ ሸጣ ማርቆስ ገባች። ይህን የነገረችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል።

ነገሩ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በአዳራሹ ስለ ምግብ ዋስትና የሦስት ቀን ስብሰባ ነበረ። ሁለት መቶ ሰው ይመጣል ተብሎ ተሠርቶ መቶ ሃያው ብቻ መጣ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ የተረፈውን ሁሉ ከጓሮው ጉድጓድ ደፋነው። እንጀራው እንደታጠፈ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሆኖ፣ ወጡ ከላዩ ይወርድበት ነበር። ሥራነሽ ባዶውን ድስት እንደያዘች ጉድጓዱን ስታይ ቆየች። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ አዳራሹ ኃላፊ፣ ወደ አቶ ደምለው ቢሮ ገባች። እኔ ደጁ ላይ ነበርሁ።

«አቶ ደምለው፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ብዬ ነው።»

«የደመወዝ ነገር ካልሆነ ለምኚ።»

«ይኸ የሚተርፈው ምግብ… ከጉድጓድ ሰው አይሻልም?»

«ሰው በልቶት ቢታመም እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«ሳህን ላይ የተረፈውን አይደለም። ድስት ውስጥ የቀረውን፣ እጅ ያልነካውን ነው። እኔው ቀድሜ ቀምሼ ነው የምሰጥ።»

«እንግዲያ ቀድመሽ የምትሞችው አንቺ ነሽ» አለና ሳቀ። «ውሰጂ። ሥራ ግን አይበደል።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ እንዲያውም ስንት ቀን አመሰገንነው።

ሥራነሽ የተቸገረ ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። ከአዳራሹ ቁልቁል አንድ ሩብ ሰዓት ተሂዶ ጠበል ያለበት ቤተ ክርስቲያን አለ። በዙሪያው ትንንሽ ጎጆዎች አሉ፤ ጠበልተኞች ያድሩባቸዋል። ከደብረ ኤልያስ፣ ከደብረ ወርቅ፣ ከአነደድ በሽተኛቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሲመጡ ስንቅ ይይዛሉ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። በሽታው ግን የስንቁን ልክ አያውቅም። ስንቁ ሲያልቅ ወይ ጠበሉን አቋርጠው ይመለሳሉ፣ ወይ ከተማ ወጥተው ይለምናሉ። ባላገር መለመን ይከብደዋል። አብዛኞቹ አቋርጠው ይመለሱ ነበር።

ሥራነሽ ሁለት ክዳን ያላቸው ባልዲዎች ገዛች። ነጩ የጾም ነው፤ አረንጓዴው የፍስክ። በአመድና በፈላ ውኃ ለየብቻ ታጥባቸዋለች፤ በየራሳቸው ጨርቅ ታደርቃቸዋለች፤ ለየብቻ ሚስማር ላይ ትሰቅላቸዋለች። እኔ ሳህን የማጥብበትን ውኃ እንኳ ለነጩ አታስነካውም። ረቡዕና ዓርብ አረንጓዴው ከሚስማሩ አይወርድም።

ጠበልተኞቹን ሰልፍ አታስይዛቸውም። «ሰልፍ የእርዳታ እህል ነው» ትላለች። ከጠበሉ አጠገብ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እሷ ባልዲውን ከፍታ በፊታቸው መጀመሪያ ራሷ ትጎርሳለች፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ በየሳህኑ ታወጣለች። ለመሄድ ስትነሣ «ነገ ስብሰባ የለም» ማለት ካለባት አፍራ ነው የምትለው፤ ስብሰባ ያስቀረችው እሷ ይመስል።

ከደብረ ወርቅ የመጡ አባ ገዳሙ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ። ሁሉን ስብሰባ በወጡ ነው የሚያውቁት።

«ሥራነሽ፣ ዛሬ የምን ስብሰባ ነበረ?»

«የመሬት ነገር ነው አባ።»

«እንዲያ በይኛ! እነሱስ ወጣቸው ወፍራም ነው። ያ የትናንቱ ግን ጨው የሚባል አልነካው።»

«ጨው ለደም ግፊት አይሆንም እያሉ ሲማሩ ስለዋሉ ነዋ።»

«ደሙ መች አለኝና ይገፋኛል!»

ሰዉ ይስቃል። ሥራነሽም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንቁ አልቆበት ጠበሉን ያቋረጠ ሰው አንድም አላየሁም።

በ1999 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል አይናዲስ የምትባል ሴት ልጇን ይዛ ከደብረ ኤልያስ መጣች። ልጅቱ ዜማ ትባላለች፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት። ባለፈው ጥቅምት ምድጃ ላይ ወድቃ ግራ ክንዷ ከአንጓው እስከ ክርኑ ተቃጥሏል። አይናዲስ ረጅም፣ አንገተ ንቅስ፣ ኩሩ ሴት ናት። ክረምት ነበርና ጎተራቸው ባዶ ነው፤ የያዙት ስንቅ ከሳምንት አላለፈም። ጤነኛው ሱባኤተኛ ጥሬ ቆርጥሞ ይውላል፤ ለታመሙት ግን ካህኑ ቅዳሴ ሲወጣ በዘጠኝ ሰዓት የበሰለ እንዲቀምሱ ፈቅደውላቸው ነበር። ያን ነሐሴ በጎጆዎቹ ውስጥ እንዲህ የሚበሉ አሥራ ሦስት ሰዎች ነበሩ። በአዳራሹ ደግሞ የመምህራን የክረምት ስልጠና ስለነበረ ምግቡ በየቀኑ ይተርፋል፤ ከጥቂት የማይጾሙ ሰልጣኞች በቀር የሁሉም የጾም ነው።

ዜማ ሱባኤ ከገባች ጀምሮ አልወደቀችም። አይናዲስ ሥራነሽ በመጣች ቁጥር ቀኑን ትነግራታለች።

«ስምንት ቀን ሆናት እቴ ሥራነሽ። ስምንት ቀን ሙሉ ሳትወድቅ ውላ አታውቅም።»

በማግሥቱ «ዘጠኝ» ትላለች። በማግሥቱ «አሥር»። አሥራ አምስቱን ከጨረሰች ትድናለች ብላ ነበር። ሥራነሽም እንደ እሷው ትቆጥር ጀመረች። ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች በድንገት «ዛሬ አሥር ሞላት» ስትለኝ ማንን እንደሆነ አልጠይቃትም።

ጾሙ በገባ ዕለት አዲስ ወጥ ሠሪ ተቀጥሮ ነበር፤ አበባው ይባላል። ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ የሠራ፣ ነጭ ቆብ የሚያደርግ፣ ወጡን በማንኪያ ቀምሶ ከንፈሩን የሚልስ ወጣት ነው። መምህራኑ ምግቡን ወደዱት። ሁለተኛ የሚያነሡት በዙ። «ምን ጨመርህበት?» ሲሉት «እጄን» ይላል።

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን እንጀራ የያዘውን አገልግል እኔ ተሸክሜ ከሥራነሽ ጋር ወረድሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ ውኃ ይንጠባጠባል። ሥራነሽ ነጩን ባልዲ ከፈተች፤ ምስር ወጥ ነው። እንደ ልማዷ ጎረሰች። ለአባ ገዳሙ አወጣችላቸው፤ ለሌሎች አምስት ስድስት ሰዎችም አወጣችላቸው። ዜማ ዘንድ ደርሳ ጭልፋውን ስታነሣ፣ ከምስሩ ጋር አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ወጣ።

ሥራነሽ በሁለት ጣቷ አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ጣት ታህል ቁራጭ ናት፤ ቢጫ። በላይዋ አናቱ ላይ ቀይ ኩክኒ የቆመለት የዶሮ ራስ ተሥሎባታል።

 አንዲት ሴት የጎረሰችውን በመዳፏ ላይ ተፍታ እጇን እንደዘረጋች ቀረች፤ የት እንደምትጥለው ጠፋት።

«ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?» አሉ አባ ገዳሙ እያላመጡ።

«የዶሮ ሥዕል ነው አባ» አለች አይናዲስ። ከዚያ ወደ ሥራነሽ ዞረች። «ይኸ ምንድን ነው እቴ? ከዚህ ምን ያደርጋል?»

«እኔም እንጃ። እጠይቃለሁ» አለች ሥራነሽ። ባልዲውን ከደነች። ክዳኑን አጣማ ስለገጠመችው ያስተካከልሁላት እኔ ነኝ።

አበባው ምንም አልደበቀም። ከመደርደሪያው ሣጥኑን አውርዶ አሳየን፤ በየወረቀቱ የተጠቀለለ እንክብል ቅመም የሞላበት ነው፤ ላዩ ላይ እንደ ወረቀቷ ያለ ዶሮ አለበት።

«ማጣፈጫ ነው እኮ፤ በሠራሁበት ሁሉ ይጨምሩታል። ጨው በሉት። ሥዕል ነው እንጂ ዶሮ መች ሊሆን!»

«ስንት ቀን ጨመርህ?» አለችው ሥራነሽ።

«ከመጣሁ ጀምሮ ነዋ።»

አቶ ደምለው ተጠርቶ መጣ። በሣጥኑ ጀርባ የተጻፈው የፈረንጅና የዐረብ ጽሕፈት ነው፤ ከመካከላችን ማንበብ የሚችል እሱ ብቻ ነበር። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ከላይ እስከ ታች ካነበበ በኋላ ምን እንደሚል ሳይነግረን ሣጥኑን ጨፍልቆ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በሩን ዘጋ።

«መቶ ሠላሳ መምህር አለኝ» አለ። «ግማሹ ዲያቆን ነው፤ የቄስ ልጅ ነው። አሥር ቀን የበሉትን ቢሰሙ ይህ አዳራሽ ነገ አይከፈትም። ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ናችሁ። ሥራነሽ፣ ስሚኝ። ለማይጾሙት የሚሠራ ትንሽ ድስት አለ አይደል? ከእሱ የቀረውን ተሳስተሽ ከጾሙ ባልዲ ደባልቀሽ ነው። ወረቀቱም ከዚያ ነው። እንዲህ ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እኔ?» አለች ሥራነሽ። «እኔ ደባልቄ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ሰው ይሳሳታል ብለው ይተዉታል። እኔን ግን አይተዉኝም።»

«የበሉትስ?»

«ሳያውቁ የበሉት ነው፤ አይቆጠርባቸውም። እንቢ ካልሽ ግን ከነገ ጀምሮ ከዚህ ግቢ አንድ ጭልፋ አይወጣም። ብትናገሪልኝ ደግሞ እኔ እዚህ ወንበር ላይ እስካለሁ ማንም አይከለክልሽም። ቃሌ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ አመተ ማርያም፣ ያየሽው ነገር አለ?»

 ዝም አልሁ፤ እሱም እንደ መልስ ወሰደው።

ሥራነሽ ወጥታ ትልቁን ድስት ታጥብ ጀመር፤ ሥራው የእሷ አልነበረም። ለብዙ ጊዜ ፋቀችው። ከዚያ «አሥራ ሦስት ሰው ነው፤ እኔ አንድ ነኝ» አለች። ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም። «አራት ቀን ነው የቀራት ልጅቱን። አራት ቀን ደግሞ ምን ትበላለች?»

«ተዪ፣ እንዲህ ብለሽ አትዋሺ» ማለት ነበረብኝ። የፋቀችውን ድስት ተቀብዬ አለቀለቅሁላት። 

በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትገባ ተመልሳ ሄደች፤ እኔም ተከተልኋት። ከቆርቆሮው ሥር ቆማ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ እንደተባለችው ተናገረች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የፍስኩን ከጾሙ ደባልቄው ነው። ዛሬ ብቻ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ተቆጥቶ የጮኸባት አልነበረም። ቢጮኹባት ይሻል ነበር።

«ሁለት ዓመት አብልታን አንድ ቀን ብትስት ምናለበት?» አሉ አባ ገዳሙ።

«ለእርስዎ ምንም አይደለም አባ» አለች አይናዲስ በለሰለሰ ድምፅ። «ሱባኤው የፈረሰባት የእኔ ልጅ ናት።»

በማግሥቱ በዘጠኝ ሰዓት ነጩን ባልዲ ይዘን ወረድን። ጎመንና ድንች ነበር፤ ሥራነሽ በገዛ እጇ፣ ከአበባው ድስት ለይታ፣ በጨውና በነጭ ሽንኩርት ብቻ የሠራችው ነው። ሰዎቹ ከየጎጆአቸው ወጥተው በአክብሮት ሰላም አሏት። ስለ ጤናዋ ጠየቋት። ባልዲውን ስትከፍት ግን ሳህን ያቀረበ የለም።

«እግዜር ይስጥልን ሥርዬ» አለች ያች ትናንት የተፋችው ሴት። «ዛሬስ በልተናል።»

«ምን በላችሁ?»

«እንደው… አለ። ጠግበናል።»

ከጎጆዎቹ በአንዱም ጭስ አልወጣም ነበር። የበሉት ነገር እንደሌለ እኛ እናውቃለን፤ እንደምናውቅም እነሱ ያውቃሉ። አይናዲስ ከጎጆዋ ደጅ ላይ ተቀምጣ የዜማን ፀጉር ትሠራ ነበር። ቀናም አላለች። ልጅቱ ግን ባልዲውን ታይ ነበር፤ እናቷ ጭንቅላቷን በእጇ ይዛ ወደ ሌላ በኩል መለሰችው።

አባ ገዳሙ በበትራቸው እየዳሰሱ መጡና ሳህናቸውን ዘረጉ። «ለእኔ አውጪልኝ። እኔ ዕውር ነኝ፤ የዶሮውን ሥዕል አላየሁም።»

በዚህ ቀልድ የሳቀ አልነበረም። ብቻቸውን በሉ። የቀረውን ይዘን ዳገቱን ወጣንና ከጓሮው ጉድጓድ ደፋነው።

ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን ዜማ ወደቀች። ከጠበሉ ስትወጣ ነው፤ ድንጋይ ላይ። ግንባሯ ተከፈተ። እኛ ስንደርስ ደሟ ታጥቦ፣ በነጠላ ተጠቅልላ፣ ዓይኗ ከፈት እንዳለ ተኝታ ነበር። ሁለት ቀን ከእፍኝ ሽምብራ በቀር የቀመሰችው ነገር እንደሌለ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ማንም ግን ከረኃቡ አላደረሰውም።

«እህ» አለች አይናዲስ ሥራነሽን ስታያት። «አሥራ ሁለት ቀን ቆማልኝ ነበር።» 

ሥራነሽ ያን ዕለት ሥራ ላይ ጣቷን ሁለት ጊዜ ቆረጠች። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ ቄስ ዘመንፈስቅዱስ ሄደችና እውነቱን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸው ያሏትን እሷ ናት የነገረችኝ።

«እነሱ የበሉት ሳያውቁ ነው፤ አንቺ የዋሸሽው ግን አውቀሽ ነው። ሂጂና እውነቱን ንገሪያቸው። ንስሐሽ ይኸው ነው።»

«ከሥራ ቢያስወጡኝስ አባቴ?»

«ያስወጡሽ።»

ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ቅዳሴ ሄዱ። ለእሳቸው ቀላል ነበር።

ነሐሴ አሥራ አምስት ቀን ሥራነሽ ባልዲ ሳትይዝ ወረደች። ከቆርቆሮው ሥር ሰዎቹን ሰብስባ፣ የአበባውን ማጣፈጫ፣ የአቶ ደምለውን ቃል፣ ለምን እንደዋሸች፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። በሕይወቷ ያን ያህል ረጅም ንግግር ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስትጨርስ አንገቷ በላብ ርሶ ነበር።

አይናዲስ ነች የመለሰችላት።

«መጀመሪያ ማንም ሳይወቅስሽ እኔ ነኝ አልሽ። አሁን ደግሞ እነሱ ናቸው ትያለሽ። አንድ ቀን ነው ብለሽ ነበር፤ አሁን አሥር ቀን ነው ትያለሽ። ነገ መጥተሽስ ማን ነው ልትይን ነው?»

«እውነቷን ነው» አልሁ እኔ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። «እኔም ነበርሁ። ሣጥኑን አይቻለሁ።»

«አንቺማ ያን ዕለትም አብረሻት ነበርሽ» አለች አይናዲስ። «ስትዋሽ ቆመሽ ሰማሽ።»

 

እውነቱም ከውሸቱ ባሰ። ቢያምኗት አሥር ቀን ሙሉ ጾማቸው ፈርሷል ማለት ነው፤ የተጠመቁት፣ የሰገዱት፣ የተራቡት ሁሉ ባዶ ነው። ይህን ማን ወዶ ያምናል? በበዓሉ ማግሥት አብዛኞቹ ወደየአገራቸው ሄዱ። አይናዲስ ዜማን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ አየናት። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ናት የታዘለችው።

አቶ ደምለው ሥራነሽ የተናገረችውን ሰማ። አላባረራትም። «ማን አመነሽ?» ብቻ አላት። ቃሉንም ጠበቀ፤ ምግቡን እንዳትወስድ የከለከላት ሰው አልነበረም። አበባው ሌላ ሣጥን አስመጣ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ያኖረው ነበር። መምህራኑ ስልጠናቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ለወጥ ቤቱ አጨበጨቡ። የስንብቱ ዕለት ጾሙ ተፈትቶ ነበርና በሬ ታርዶ ግማሹ ተረፈ።

በጎጆዎቹ አዲስ ጠበልተኞች መጡ፤ ወሬው ግን ከእነሱ ቀድሞ ደርሷል። ነባሮቹ ለአዲሶቹ ይነግራሉ፤ «ጾም የምታስፈታ ሴት አለች» ይላሉ። ሥራነሽ እስከ ኅዳር ድረስ ለአባ ገዳሙ ብቻ አንድ ሳህን ታወርድ ነበር። ከዚያ የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ወደ ደብረ ወርቅ ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ የሚወርድ ነገር አልነበረም። የምግቡ ጉድጓድ ሞልቶ ሌላ ተቆፈረ።

በ2001 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ለአንድ የሥራ ባልደረባችን እናት ለቅሶ ለመድረስ ሁለታችን ወደ ደብረ ኤልያስ ሄድን። ቀኑ ገበያ ነበር። ከሚኒባስ ወርደን ስንራመድ አይናዲስን ከሩቅ አየናት፤ ዜማ አጠገቧ ናት። ልጅቱ ከስታለች፤ ግንባሯ ላይ የድንጋዩ ጠባሳ አለ፤ በግራ ጉንጯ ደግሞ እኛ የማናውቀው አዲስ የእሳት ጠባሳ።

አይናዲስ አልሸሸችም። መጥታ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሳመችን። ስለ ማርቆስ፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ለቅሶው ጠየቀች። ሥራነሽ ስለ ዜማ በሽታ አንዳች አላነሣችም። ከዚያ ለለቅሶው ከገዛነው ዳቦ አንዱን ከፌስታሉ አውጥታ ለልጅቱ ሰጠቻት። ልጅቱ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ አመሰገነች። አይናዲስም «እግዜር ይስጥልን፤ ለምን ተቸገርሽ?» አለች። ተሰነባበትን።

ሥራነሽ ደስ ብሏት ነበር። «ተቀበለችኝ እኮ» አለችኝ። ያን ጊዜ ፈገግታዋን ካየሁት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነበር።

ጥቂት እንደተራመድን ለቅሶ ቤቱን ስላጣነው ሰው ልንጠይቅ ወደ ኋላ ተመለስን። እናትና ልጅ የሉም። ከቆሙበት አጠገብ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ግን ዳቦው ተቀምጧል፤ አልተቆረሰም። አይናዲስ ጨዋ ሴት ናት፤ እህል መሬት አትጥልም። ውሻ እንዳያገኘው ከካቡ ከፍተኛውን ድንጋይ መርጣ ነበር ያስቀመጠችው።